ድርሰትና ድረታ

ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንዲት ሱቅ በረንዳ ሥር የምትውል ልብስ ሰፊ አለች። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው። ደንበኞቿ መንገደኞች ናቸው፤ ዚፑ የተበጠሰ ሻንጣ፣ ማንገቻው የተገነጠለ ቦርሳ፣ አውቶቡስ ላይ ሲንጠላጠል ሱሪው የተተረተረበት ጎልማሳ ሁሉ እሷ ዘንድ ይደርሳል። መንገደኛ ሲጠፋ ደግሞ ከእግሯ ሥር ካለው ማዳበሪያ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየመዘዘች ታጋጥማለች። የዩኒፎርም ትራፊ፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ ሱሪ ሲያጥር የተቆረጠ እግር… ከሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች የምትለቅመው ነው። ተገጣጥሞ ሲያልቅ የአልጋ ልብስ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት የቦርሳዬን ማንገቻ ላሰፋ ሄጄ፣ ዝናቡ አላንቀሳቅስ ብሎኝ አንድ ሰዓት ያህል ሥራዋን ስመለከት ቆየሁ። ቡናማ ቁራጭ አነሳች፤ ከሰማያዊ ጋር ሰፋችው፤ ጠርዙን በመቀስ አስተካከለች፤ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው። ቀጥላ አረንጓዴ ጨመረችበት። እንደገና አየችው። ፊቷን አጨማደደችና አረንጓዴውን ተረተረችው።

«እህቴ፣ ንድፍ የለሽም እንዴ?» አልኳት።

«ንድፍ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? ነገ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደሚሰጡኝ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ አረንጓዴውን ለምን ተረተርሽው?»

«ከቡናማው ጋር ተጣላብኝ። አይታይዎትም?»

እውነቱን ለመናገር አልታየኝም ነበር። የታየኝ በአረንጓዴው ቦታ ቀጭን ቢጫ ስታስገባበት ነው።

በአማርኛችን የዚህች ሴት የእጅ ሥራ ስሙ ድሪቶ ነው። ድሪቶ ደግሞ ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ነው። ድሪቶ ለባሽ ስንል ድሃ ማለታችን ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰዎችማ ከግሱ የምንወደው ቀልድ አውጥተናል፦ የተሳካለት ይደርሳል፣ ያልተሳካለት ይደርታል፤ የመጀመሪያው ድርሰት፣ ሁለተኛው ድረታ ነው። ከፍ አድርገን የምናወድስበት ቃል «ወጥ» የሚለው ነው። የሚበላውን አይደለም፤ ወጥ ልቦለድ፣ ወጥ ሥራ የምንለውን ነው። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ስናደንቅ የኖርን ሰዎች ነንና ወጥ ነገር ብንወድ አይፈረድብንም። ችግሩ የተጋጠመውን ነገር የምንመዝንበት ሚዛን ሳናበጅ መቅረታችን ነው።

ለዚህ ከእኔ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ ተማሪ አጭር ልቦለድ ጽፎ አመጣልኝ። የአባቱን ደብዳቤ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የለቅሶ ቤት ወሬ፣ የቀበሌ ማስታወቂያ ሳይቀር እየቆራረጠ አጋጥሞታል። መሸጋገሪያ የለ፣ ተራኪ የለ። እኔም በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ድርሰት ሳይሆን ድረታ ነው» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። በአባባሌም ሳልኮራ አልቀረሁም። ልጁ በማግስቱ ቢሮዬ መጣና፣ «መምህር፣ የትኛው እራፊ ነው ያልገጠመው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ታሪክ አወቃቀር ጥቂት ቀባጥሬ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ ምንም ጽሑፍ አላሳየኝም። ልብስ ሰፊዋ የሚገጥመውንና የማይገጥመውን ስትለይ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። እኔ ለዓመታት ደመወዝ የበላሁበትን ሥራ እሷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትሠራው ነበር።

ይህ ሙያ ሌላ አገር ላይ ክብር አግኝቷል። አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት የአልጋ ልብስ አለ፤ ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መካከሉ ጥጥ የገባበት፣ ከገበሩ ጋር በእጅ ተጠቅሞ የተያያዘ ነው። አብዛኛው በልኬትና በንድፍ ይሠራል። በአላባማ ግዛት፣ በሦስት ጎን በወንዝ በተከበበችው ጂስ ቤንድ መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ግን ከንድፉ ማፈንገጥን ልማድ አድርገውታል። ቅድመ አያቶቻቸው በአንድ የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬም የሚጠሩት በባለ እርሻው ስም፣ ፔትዌይ እየተባሉ ነው።

«የቤት ጣሪያ» የሚሉት አሠራር አላቸው። መሐል ላይ አንድ ቁራጭ ይቀመጥና ዙሪያውን ረዘም ባሉ ቁራጮች እየከበቡት ይሄዳሉ። ቁራጩ ካጠረ በሌላ ቀለም ይቀጠላል። መቀጠያው ብቻውን ሲታይ ጉድለት ነው። ጎበዟ ሴት ግን በሌላው ጎን ያንኑ ቀለም ትመልስለታለች፤ ያን ጊዜ ጉድለቱ የአሠራሩ ክፍል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 የአካባቢው ሴቶች ማኅበር ለሲርስ ኩባንያ ኮርዶሮይ ከሚባለው ባለ ሸንተረር ጨርቅ የትራስ ልብስ ለመስፋት ተዋዋለ። ትራፊው ወደ ሴቶቹ ቤት ገባ፤ ከመንደሩ ዝነኛ ሥራዎች ጥቂቶቹ ከዚያ ትራፊ የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራዎቹ መጀመሪያ በሂዩስተን፣ ቀጥሎ በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ሲታዩ ሐያስያን ከታላላቅ ዘመናዊ ሥዕሎች ጎን አሰለፏቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የማልረሳው የሚዙሪ ፔትዌይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ የአልጋ ልብስ ሠራችበት፤ እሱን እያስታወሰች ልትከናነበው። ጉልበቱ ላይ የነጣው ሱሪ፣ ኪስ ተነስቶለት ቀለሙ ሳይለቅ የቀረው ቦታ ሁሉ ይታያል። ንድፍ ቢኖራት ኖሮ ሰውየው አይታይም ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ልኩ ከጥንት ተቆርጧል። ያለፈውን ዓመት ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ግን ነውር ነው፤ ለዕለቱ አዲስ ይዘረፋል። ያለ ንድፍ መሥራት ያለ ሕግ መሥራት እንዳልሆነ ቀድመን ያወቅን ሰዎች ነን ማለት ነው። ታዲያ ቅኔ ዘራፊውን ሊቅ ብለን ስናበቃ ጨርቅ የምታጋጥመውን ሴት ድሪቶ ሰፊ ያልናት ለምንድን ነው? እቃዋ የድሃ፣ እሷም ሴት ስለሆነች ይመስለኛል።

በእኛ ዘመን ይህን አመለካከት በሥራው የተፈታተነ ሠዓሊ አለን። ከአዲስ አበባው ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀው ኤልያስ ስሜ በመርፌና በክር ሥዕል ሠራ፤ ቁልፍና ቆርኪ ሰፋ፤ ኋላም ከመርካቶ የሚገኝ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር አንጀት እየጎነጎነ አጋጠመ። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የተመለከቱት ማሳ ይመስላል፤ ሲጠጉት አንዱ ሽቦ ከሌላው ጎን ለምን እንደተቀመጠ ዓይን ይከራከራል። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ኤግዚቢሽን ቀርበዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል። ደስ ይላል። ግን ሽቦውን ያደነቅን ሰዎች ከዚያ ስንመለስ የላምበረቷን ሴት ዞር ብለን አላየናትም።

እዚህ ላይ ድሪቶ ሁሉ ያማረ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሱቅ ውስጥ የተገጣጠመ ጨርቅ መልክ የታተመበት የአልጋ ልብስ ይሸጣል። ወጥ ጨርቅ ነው፤ የድሪቶ ፎቶግራፍ ለብሷል። ትንሽ ካያችሁት ያው ቀይ፣ ያው አበባ፣ በያንዳንዱ ክንድ ርቀት ተመልሶ ይመጣል። ከእጁ የገባውን ሁሉ የሚሰፋ፣ አንድም ጊዜ የማይተረትር ሰፊም አለ። እንዲህ ዓይነት ድርሰትም ሞልቶናል። ድህነትንም ላወድስ አልፈልግም። «ሙሉ ጨርቅ ብታገኚስ?» ብዬ ስጠይቃት ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ቀሚስ ሰፍቼ እሸጣለሁዋ ጋሼ! የተሻለ ያወጣል» አለችኝ።

እኔ የምለው፣ የተጋጠመን ነገር የሚተች ሰው ስፌቱን ያሳይ ነው። አንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር ምን ይነጋገራል? ቢነሳ ምን ይጎድላል? ሠሪው መተርተር የነበረበት፣ ግን ያልተረተረው የቱ ነው? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሐያሲ «ድሪቶ» ቢል ራሱ ስለ ሥራው ምንም አልተናገረም።

የአልጋ ልብሱን ገዝቼው መጣሁ። ቤተሰቡ ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ ሳሎን ሶፋው ላይ ተነጠፈ። ቢጫዋን ቁራጭ ባየሁ ቁጥር ያ ተማሪ ትዝ ይለኛል። ስሙን ከነአባቱ አስታውሳለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ይህን ካነበበና ያ ጽሑፍ ካልጠፋ በጋዜጣው አድራሻ ይላክልኝ። በዚህ ጊዜ የትኛው እራፊ እንዳልገጠመ እነግረዋለሁ። ሁሉም ገጥሞ ካገኘሁትም ያንኑ እጽፍለታለሁ።