በአዴት የንግድ ቤቶች እድሳትና የአካል ጉዳተኛው መጸዳጃ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለአንዳንዶች መናገሩ የሚያሳፍር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ከቤቱ ወጥቶ ገበያ መዋል መቻሉን የሚወስን ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን ማሻሻልንም የሚመለከት ነበር። በ36ኛው አንቀጽም ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ ከመጸዳጃዎቹም በቂ ቁጥር ያላቸው ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደነገገ። አሳቡ የሚመሰገን ነው፤ እኛ የምንነቅፈው «በቂ» የሚለውን ልክ ነው። በአዲስ አበባ ያለ ትልቅ ሆቴል ከብዙዎቹ መጸዳጃዎች አንዱን ለይቶ ሊያዘጋጅ ይችላል። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአዴት ግን የአንድ ምግብ ቤት ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እሱም በጓሮ። ታዲያ ከአንዱ ላይ በቂው ስንት ነው? ያው አንዱ ካልተመቸ ምንም የለም ማለት ነው።

በከተማይቱ በመታደስ ላይ የነበረ አንድ ምግብ ቤት ተመልክተን ነበር። የሽንት ቤቱ ግድግዳ ሴራሚክ ለብሷል፤ መስተዋትም ተሰቅሏል። ነገር ግን በበሩ ሥር ያለው የ15 ሳንቲሜትር ደረጃ እንደነበረ ቀርቷል፤ በሩ ጠባብ ከመሆኑም በላይ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ውስጡም ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት ነው። ባለቤቱን ብንጠይቃቸው «እንዲህ ያለ ደንበኛ እኮ አይመጣብንም» አሉን። ይህ ክርክር ዞሮ በራሱ ላይ ይወድቃል፤ የማይመጣው መግባት ስለማይችል ነውና። በክራንች የሚሄድ ሰው ገበያ በወጣ ቀን ውኃም ቡናም ሳይቀምስ የሚውለው ወዶ አይደለም።

ወጪውን የሚያነሡ አሉ። ይሁን እንጂ በሩ ተነቅሎ፣ ወለሉ ተቆፍሮ ሳለ በሩን ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ማስፋት ብዙ አያስወጣም። ለ15 ሳንቲሜትር ከፍታ፣ በ1 ለ12 ልክ፣ 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም ተዳፋት ይበቃል። መዝጊያው ወደ ውጭ ቢከፈት ውስጥ የወደቀን ሰው ማውጣት ይቻላል። መደገፊያውን የሰፈሩ በያጅ ከውኃ ቧንቧ ብረት ይሠራዋል። ለተሽከርካሪ ወንበር መዞሪያ የሚሆን 1 ሜትር ተኩል ቦታ ባይገኝ እንኳ የቀረው ቢሟላ በክራንች የሚሄደው፣ ጉልበቱ የደከመው ሽማግሌና ነፍሰ ጡሯ ይጠቀማሉ። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ሁሉም ማፍረስን ይጠይቃል።

ስለዚህ «በቂ» የሚለው ቃል «በየቤቱ ቢያንስ አንድ» ተብሎ እንዲነበብ፣ ማዘጋጃ ቤትም የእድሳት ፈቃድ ከመስጠቱ አስቀድሞ የሽንት ቤቱን በር እንዲለካ እናሳስባለን። በአገራችን እንግዳን እግሩን አጥቦ መቀበል የቆየ ወግ ነው፤ እግሩ ለማይታዘዝለት እንግዳ ደረጃ ማንሣት ከዚያ የሚበልጥ ድካም አይደለም።