ገጽ ቆጠራና ቅኔ ቆጠራ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የዓባይን ድልድይ የተሻገረ የጎንደር መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ዘንዘልማን ያገኛል። የአካባቢውን ስም በሩቁ ያስጠራው እዚያ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ነው። መቼም የግብርና ተማሪ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው፤ የተዘራበትን ቀን፣ የበቀለበትን ቀን፣ የአገዳውን ቁመት እየለካ ይጽፋል። በቅርቡ አንድ የዚያ ግቢ ተማሪ ይህንኑ ልማድ ወደ ልብ ወለዱ አዙሮ የያዘውን ደብተር አሳየኝ። ቀን፣ ገጽ፣ ድምር የሚሉ ሦስት ዓምዶች ተሰምረውበታል። በመስከረም ያቀደው በሰኔ 300 ገጽ መድረስ ነው። 174 ላይ ነበር። «ታሪኩስ ወዴት ደረሰ?» ብለው፣ «ከግማሽ በላይ ሆነ» ሲል መለሰልኝ።

ወጣቱን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ማንሣቴ። እንዲያውም ከብዙዎቹ የከተማችን ደራሲ ነን ባዮች ይሻላል፤ እነሱ ቆመው የሚቆጥሩት ብርጭቆ ነው። በዓሉ ግርማ በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ሲራክን የሚያህል ገጸ ባሕርይ ከሰጠን ወዲህ፣ የሲራክን ስቃይ እንጂ የሲራክን ሥራ ያልወረሰ ስንት አለ። በቁጥር ራስን መግዛት ነውር አይደለም። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ 47 ልብ ወለዶች ያበረከተው፣ ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል እንዲወጣው ራሱን እያስገደደ ነው። ይህን ሳይደብቅ የተናገረበት ግለ ታሪኩ ከሞቱ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ስሙ ክፉኛ ተጎዳ። አንባቢ ሌሊት መንፈስ ቀሰቀሰኝ የሚለውን እንጂ ሰዓት አይቼ ጻፍኩ የሚለውን አይወድምና። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ትሮሎፕ ያለ አግባብ ተነቅፏል።

ጥያቄው ምን እንቁጠር ነው። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በአንድ ወር ውስጥ 50,000 ቃል የሚያስጽፍ ዘመቻ ነበር። አዘጋጁ ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. መዘጋቱን አስታውቋል፤ ልኩ ግን ወደ እኛም ወጣቶች ዘልቆ «በቀን ስንት ቃል ትጽፋለህ?» የሚለው መጠያየቅ ተለምዷል። የአማርኛን ጠባይ ላስተዋለ ነገሩ ያስቃል። «ስላላስመጣሁላቸው» አንድ ቃል ነው። ለእንግሊዝኛ ቢሰጡት ስምንት ዘጠኝ ቃል ይፈጃል። አድራጊው፣ የተደረገለት፣ አሉታው፣ ምክንያቱ ሁሉ ባንድ ግስ ታጭቆ በሚገባበት ቋንቋ፣ የፈረንጁን 50,000 ለመሙላት የሚሮጥ ሰው የሚያተርፈው የ«ነው»ና የ«ነበር» ክምር ነው።

የእኛ ቤት ቆጠራ ሌላ ነበር፤ አሁንም አለ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው «ቅኔ ቆጠርኩ» ሲል የቅኔውን ብዛት መናገሩ አይደለም። ቅኔ ደረስኩ፣ አበጀሁ ማለቱ ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን እየያዘ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው (ቤት የሚባለው እዚህ ላይ ስንኙ መሆኑን ልብ ይሏል)። ያ ሲቀናው ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል። ከዚያ ባለ አምስቱ ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱ ሥላሴ እያለ ባለ ስምንቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ሲወጣ «ቤት ሞላ» ይባላል። እንግዲህ በሁለት ስንኝ ላይ ወራት የከረመ ተማሪ ወደ ኋላ ቀረ አይባልም፤ ጉባኤ ቃናው ሳይቀና መወድስ የሚያምረው ነው የሚሳቅበት።

ውሎውስ? ጠዋት ከጓደኞቹ ተነጥሎ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ወረቀት የለውም፤ በልቡ ያወጣል፣ በልቡ ያወርዳል። ማታ የቆጠረውን ይዞ አስነጋሪው ወይም የኔታ ፊት ይቀርባል። ይነግራል፤ ጸያፉ ይለቀምለታል፣ የጎበጠው ይቃናለታል፤ አንዳንዴም ሙሉ ቀን የዋለበት በአንድ ቃል ይፈርስበታል። በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ቀርጸው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ያነበበ ሰው የዚህን ዓለም መዓዛ ያገኛል። በጎጃም ስመ ጥር የነበሩት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ደብተር ቢመጣላቸው ምን ያደርግላቸዋል? መዝገቡ የተማሪው ጉሮሮና የመምህሩ ጆሮ ነው። በቅኔ ቤት ዕድገትን የሚመዘግበው ደራሲው ራሱ አለመሆኑን ነው አጥብቄ ልናገር የምፈልገው። እሱ ይደርሳል፤ መድረሱን የሚያውቅለት ሌላ ሰው ነው።

ከዚህ ትምህርት ወጥቶ ወደ ገበያው የገባን ሰው ካነሣን፣ ጣና ዳር ያለ ሰው አቤ ጉበኛን ሊዘለው አይችልም። ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በአቸፈር ተወልዶ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ለማደር ከቆረጡት ቀደምት ደራስያን አንዱ ሆነ። «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ። ስምንት ያህል ልብ ወለድ፣ አምስት ያህል ተውኔት፣ ሦስት የግጥም መድበል፣ ትርጉሞችም፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ሥራዎችም ቆጥሮ በ1972 ዓ.ም. ዐረፈ። ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በገጽ ቆጠራ ከተመዘነ በዘመኑ አቻው ጥቂት ነው። የሚያኖረው ደመወዝ አልነበረምና መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ መደራረቡ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሥራዎቹን አከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ገና ያልተወለደ ልጅ አልወለድም ብሎ የሚሟገትበትን ሐሳብ ያመነጨ ራስ፣ በብዙ ገጾች ላይ ገጸ ባሕርያቱን አስቁሞ ራሱ ይሰብካል። ሐሳቡ መወድስ ነው፤ አጻጻፉ አስነጋሪ ያጣ ነው። «ይህቺን ስብከት ተዋትና ሰውየው ራሱ ይናገር» የሚለው ሰው ማታ ማታ ቢኖር ኖሮ ብዬ ሁልጊዜ እቆጫለሁ።

ሌላው የጎጃም ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እሳቸውም በደብረ ኤልያስና በዲማ በኩል ያለፉ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። ቀጣዩ ልብ ወለዳቸው «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ነው የወጣው። በዘንዘልማው ደብተር ዓይነት ቢሰፈር፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ልብ ወለድ መካከል 16 ዓመት ባዶ ዓምድ ሊታይ ነው። እኔ ግን ባዶ አልለውም፤ የበዛብህን የቆሎ ተማሪነት ያነበበ፣ ያ ሁሉ ከመጻፉ በፊት ለአርባ ዓመት ያህል ሲብሰለሰል መኖሩን ይረዳል። በነገራችን ላይ መጽሐፉን በሕዝብ ልብ ያተመው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያነበበው ጊዜ ነው፤ ጽሑፉ ጆሮን የሚፈራ አልነበረም።

ዛሬ የጎደለን ይህ ጆሮ ነው። የከተማው ወጣት ደራሲ ገንዘቡን ራሱ አጠራቅሞ፣ ራሱ አሳትሞ፣ ብዙ ጊዜም ራሱ አዙሮ ይሸጣል። አርታኢ ሲባል የምናገኘው በአብዛኛው ፊደል ለቃሚ ነው። የማተሚያ ቤቱ ሰው ዋጋ የሚተምነው በገጽና በቅጂ ብዛት ነው። የምረቃው ዕለት የሚናገሩት እንግዶች መጽሐፉን ሳያነቡ ያሞግሱታል። እንግዲህ ደራሲው በየደረጃው የሚያጋጥመው ሁሉ ገጽ ቆጣሪ ከሆነ፣ እሱስ ሌላ ምን መቁጠር ይማር?

ልብ ወለድ እንደ ጉባኤ ቃና በአንድ ማታ የሚነገር አይደለም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ምዕራፍ ግን ይነገራል። ሁለት ሦስት ሆኖ በሳምንት አንድ ማታ መገናኘት፣ ምዕራፉን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ አድማጩ የት ላይ እንዳዛጋ ማየት ይቻላል። ለደብተርም ቢሆን አራተኛ ዓምድ አይጠፋለትም፤ ማን ሰማው፣ ምን ፈረሰ የሚል። ድምሩ ከ174 ወደ 120 የወረደበት ሳምንት በዚያ ዓምድ ሲገባ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ የጻፈው ሰው ያውቀዋል።