እጅ አጥፎ የተቀመጠበት ሰዓት ዋጋ

ጥሩ ነጠላ በጥለቱ ድምቀት አይለይም፤ ድምቀትማ ገበያው ሞልቶታል። እኔ መጀመሪያ የማየው መሃሉን የያዘውን ስፌት ነው። የእጅ ሸማ ወርዱ ጠባብ በመሆኑ ነጠላ የሚሆነው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። አንዱ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ነው ሌላው የሚጀመረው። ኦቾሎ መንደር ውስጥ እጄ የገባው ነጠላ ላይ ግን የግራው ጥለት ከስፌቱ ሲደርስ ከቀኙ ጋር ክር ለክር ይገጥማል። ጠርዙንም ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ የትም ቦታ አልተጨማደደም፣ ወደ ውስጥም አልተሳበም። ማጉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ እጅ ልክ ተመትቷል።

ሸማኔው ነጩን ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ያፈራርቃል፣ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይሮጣል፣ ክንድ የሚያህል ጨርቅ እንደ ዋዛ ያድጋል። ጥለት ላይ ሲደርስ ሩጫው ያበቃል። ድሩን በጣቱ ቆጥሮ ያነሳል፣ ቀለሙን ያሳልፋል፣ ነጭ ማግ ይወረውራል፣ እንደገና ይቆጥራል። አንዲት ክር ከሳተ ጥለቱ ይንሻፈፋል፤ ስፌቱ ላይ ሲደርስም ያጋልጠዋል።

ገዢ የሚያየው ይህን ነው። «ሁለት ቀን አይፈጅም እኮ፣ ጋሼ!» ብሎ የሚከራከረውም ይህንኑ አይቶ ነው። መወርወሪያው የሮጠበት ሰዓት ብቻ ከተቆጠረ ልክ ነው፣ አይፈጅም።

ያ ቀጥ ያለ ጠርዝ ግን የተሠራው ጨርቅ ባላደገበት ሰዓት ነው። ድሩ በተተከሉ እንጨቶች መካከል በመመላለስ ይዘረጋል፤ ከዚያ በመቶ የሚቆጠሩ ክሮች አንድ በአንድ ከሽመና ዕቃው ጋር ይያያዛሉ። አንዱ ላልቶ ከታሰረ ስህተቱ እስከ ጨርቁ መጨረሻ ይከተላል። ይህን ሥራ ከሥራ ፈትነት ጋር የሚደምር ሒሳብ ሽመናን አያውቅም።

መጠበቅ ሌላ ነው። ባዘቶው በእንዝርት እስኪፈተል ከሽመናው ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ፈታዮቹ ካልደረሱ ሸማኔው እጁን አጥፎ ይቀመጣል። በሁዳዴ ሠርግ ስለማይደገስ ትዕዛዝ ይቀንሳል። ለቅሶ አለ፣ እርሻ አለ፣ ጉባኤ አለ። ኦቾሎ ደግሞ ጉባኤ እንደ ትርፍ ጊዜ የማይታይበት አገር ነው፤ ፈረንሳዊው ማርክ አቤለስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ጥናት የዚህችን የአባያ ሐይቅን ቁልቁል የምታይ፣ አለት ላይ የተቀመጠች መንደር ሸንጎ የሚመለከት ነው። ሸንጎው ወደሚቀመጥበት አደባባይ፣ ወደ ዱቡሻ፣ የሄደ ሰው ጠፋ አይባልም፣ ጨርቁ ግን በዚያ ቀን አያድግም።

ይህ መጠበቅ በቁጥር ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ልየው። አንድ ሸማኔ በሳምንት 48 ሰዓት ለሥራ ተዘጋጅቶ ይቀመጥና 2,400 ብር ማግኘት አለበት እንበል። ለ48 ሲካፈል ሰዓቱ 50 ብር ነው። ግን ከ48ቱ 16ቱ በመጠበቅ ካለፉ ሥራ ላይ የዋለው 32 ነው፣ ሰዓቱም 75 ብር ይሆናል። ድር መዘርጋቱን ጨምሮ 16 ሰዓት ለወሰደ ነጠላ የመጀመሪያው ስሌት 800 ብር ይከፍላል፣ ሁለተኛው 1,200። የ400 ብሩ ልዩነት ጠፍቶ አይቀርም፤ የሸማኔው ቤት ይከፍለዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 54 ለቅጥር ሠራተኛ ነገሩን ፈትቶታል፦ ለሥራ ዝግጁ የሆነ ሠራተኛ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ተቋርጦበት፣ ወይም በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን ያገኛል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከነጋዴ ክር ተቀብሎ በቁራጭ ሒሳብ ለሚሸምን ሰው ግን ክሩ ሲዘገይ ኪሳራው የራሱ ነው። ለእኔ ይህ አይዋጥልኝም። በየዓመቱ የሚመጣው የሁዳዴና የእርሻ ወቅት መቀዛቀዝ የታወቀ ስለሆነ በየነጠላው ዋጋ ላይ ተበታትኖ ይግባ፤ ነጋዴው ያዘገየው ቀን ግን ለብቻው ተጽፎ ለነጋዴው ይቅረብ። ለሌላው ገዢ አይተላለፍ።

የድሩ ሒሳብ ደግሞ ለገዢም ያደላል። አንዴ የተዘረጋ ረጅም ድር ከአንድ በላይ ነጠላ ይወጣዋል፤ ዝርጋታና ማያያዣው 8 ሰዓት ከፈጀ ለአራት ነጠላ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2 ሰዓት ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ለእህትማማች አራት አንድ ዓይነት የሚያዝ ሰው ይቀነስልኝ ቢል አያሳፍረውም። አንዲት ነጠላ ብቻ፣ ያውም በራሱ ምርጫ ቀለም የሚፈልግ ግን ስምንቱንም ሰዓት ይክፈል።