የኋላውን ያላየ አላይመንት

ሾክ አብዞርበርና ሞላ ተቀይሮለት፣ ቡሽ ገብቶለት፣ አላይመንትም ተሠርቶለት የወጣ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ወደ ቀኝ ካዘነበለ፣ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው የፊቱን ጎማ ነው። ጋራዡም አብሮ ይጠረጥራል፤ ታይሮዱን ፈታ፣ ጠበቅ አድርጎ መሪውን ያቃናና ባለመኪናውን ይሸኛል። ወራት አልፈው የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ተበልቶ ሲገኝ ደግሞ ጥፋቱ ወደ ጎማው ጥራት ይዞራል። እኔ የሰስፔንሽን ሥራን የምመዝነው ከኋላ ተነሥቼ ነው። የፊቱን ማንም ይነካካዋል፤ የኋላው ግን የሠሪውን ዕውቀትና ጥንቃቄ ያጋልጣል።

ከአላይመንት ማሽኑ በሚወጣው ወረቀት እንጀምር፤ ባለመኪናው በቀላሉ የሚታለለው እዚያ ላይ ነውና። ካምበር ማለት ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ቶ ደግሞ ከላይ ሆነው ሲያዩት የጎማው የፊት ጫፍ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። ትረስት አንግል የሚባለው፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተባብረው መኪናውን ወዴት እንደሚገፉት ያሳያል። ልኬቱ በዲግሪና በደቂቃ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ አለው። እንግዲህ የኋላ ግራ ጎማ ቶ 20 ደቂቃ ወደ ውስጥ፣ የቀኙ 10 ደቂቃ ወደ ውጭ ተጽፏል እንበል። ድምሩ 10 ደቂቃ ወደ ውስጥ ነው፤ ለብዙ አውቶሞቢል ጤናማ ቁጥር ስለሆነ ማሽኑ ላይ አረንጓዴ ይበራል። ግን ሁለቱም ጎማዎች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ቀኝ ነው። አማካዩ 15 ደቂቃ ይመጣል፤ ኋላው ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ሹፌሩም ቀጥ ብሎ ለመሄድ መሪውን ወደ ቀኝ እንደያዘ ይነዳል። ግራና ቀኙ 5 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ ወደ ውስጥ ቢሆኑ ድምሩ ያው 10 ነው፤ መኪናው ግን ቀጥ ይላል። ስለዚህ ድምሩን ብቻ እያሳየ «ሁሉም አረንጓዴ ነው» የሚል ሰው፣ ወይ ራሱ አላየውም ወይ እርስዎ እንዲያዩት አይፈልግም።

ለመሆኑ ቁጥሩ የሚበላሸው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ብሎን ሲጠብቅ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ቡሽ መሀሉ ላስቲክ ነው፤ በላስቲኩ ውስጥ ብሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከመያዣው ጋር ተነክሶ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ጎማውን የያዘው ክንድ ሲነሣና ሲወርድ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። መኪናው ሊፍት ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይኖራል። ቆሞም እረፍት የለውም። ኋላው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ አላይመንቱም በዚያው ከፍታ ይለካል። ላስቲኩ ሲላላ ወይም ሲቀደድ መኪናው ዝቅ ይላል፣ የተለካው ሁሉ ይለወጣል።

ጥሩ ሠሪ ብሎኖቹን አስገብቶ ዳዶውን በእጁ ብቻ ይይዘዋል። ቀጥሎ መኪናውን በአራት ጎማው አቁሞ፣ አንድ ሁለቴ ወደ ታች ተጭኖ ካረጋጋው በኋላ ከሥር ገብቶ በቶርክ ቁልፍ ያጠብቃል። ጎማ የሚያሳርፍ ሊፍት ወይም ጉድጓድ ከሌለው፣ ክሪኩን ከክንዱ ሥር አስገብቶ የመኪናው ክብደት እስኪያርፍበት ያነሣል። ከፍታው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ሲለካ ካዩትማ ዕድለኛ ነዎት። ይህን ሲያደርግ ያየሁትን ሰው ስለ ሌላው ብዙም አልጨቀጭቀውም።

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል። በ1990ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በወጡት ኮሮላዎች የኋላው ስትራት (ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን አንድ ላይ የያዘው) ከጎማው መያዣ ጋር በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ በቀዳዳውና በብሎኑ መካከል ያለችው ክፍተት ትንሽ ብትሆንም ካምበሩን ለመለወጥ ትበቃለች። የኋላ ክንዶች ባሏቸው እንደ ራቭ 4 ባሉት ደግሞ ቶ የሚስተካከለው መሀሉን በሳተ ዲስክ በሚዞር ብሎን ነው። ጠንቃቃ ሠሪ ብሎኑን ከመፍታቱ በፊት ዲስኩ የቆመበትን ቦታ በቀለም ያሰምራል። መስመሩ መኪናውን እስከ አላይመንት ቤት የሚያደርስ ነው እንጂ አላይመንቱን የሚተካ አይደለም። ብሎኑ ዝጎ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ከተገኘ ተቆርጦ አዲስ መግባት አለበት፤ «እንዳለ ይሁን» ተብሎ የታለፈ እንደሆነ ማሽኑ ምን ቢያሳይ ማስተካከያ የለም።

ቪትዝ ላይ ሲደርስ «ጋሼ፣ የዚች ኋላዋ አይስተካከልም» ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ተሻጋሪ ብረት የተያያዙ ስለሆነ ማስተካከያ ብሎን የላትም፤ መለካት ግን ትለካለች። ሾክ አብዞርበር ብቻ ተቀይሮ የኋላዋ ቁጥር ከተዛባ፣ ከበፊትም የተዛባ ነበር ማለት ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ወይም የመንገድ ጠርዝ መትቶ ብረቱ ወይም የጎማው መያዣ ጎብጧል። የብረቱ ቡሾች ተቀይረው ከሆነ ደግሞ አገባባቸው ይታይ፤ የሚገቡበት አቅጣጫ ምልክት ያለባቸው ብዙ ናቸው። ለጎበጠው መፍትሔው በጎማው መያዣና በብረቱ መካከል የምትገባ ስስ፣ በአንድ ወገን የሳሳች ሰሌዳ ናት፤ አለዚያም ብረቱን መቀየር። ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የመጣ ያገለገለ ብረትም ከተጋጨ መኪና የወጣ ሊሆን ስለሚችል ከገባ በኋላ ይለካ። በእሳት አሙቆ፣ በመዶሻ አቅንቶ የሚመልሰውን ሰው ግን ይሽሹት።

ባሌስትራ ያላቸው ፒክ አፖች ላይ ሥራው በሜትርም ይፈተናል። የባሌስትራው ማዕከላዊ ብሎን ጭንቅላት አክስሉ ላይ ባለችው ቀዳዳ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሳይቀመጥ ዩ ቦልቱ ከጠበቀ ወይም ብሎኑ ከተቆረጠ አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል በግራም በቀኝም ይለኩ። መንገድ ላይ ጎኑን እያሳየ የሚሄድ ፒክ አፕ ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው። ለኮረኮንች ተብሎ ከፍ የተደረገ ፕራዶም የራሱ ነገር አለው፦ የኋላ አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ ርዝመቱ ካልተስተካከለ አክስሉ ከነጎማው ወደ አንድ ወገን ይወጣል።

አላይመንቱ ሲሠራ ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። የጎማ ንፋስ ይለካል፣ ከኋላ የተጫነ ዕቃ ይወርዳል፣ ከሥራ በፊት ያለው ቁጥር ይታተማል። ከዚያ መጀመሪያ ኋላው፣ ቀጥሎ ፊቱ። ከፊት የጀመረ ሰው የፊቱን የሚያስተካክለው ገና ላልተስተካከለ ኋላ ነው።

መኪናውን ከተረከቡ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው። የኋላ ጎማውን ጥርስ በመዳፍዎ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይዳስሱት፤ በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከከረከረ ቶው እየበላው ነው። ጎማዎቹን አርጥበው በደረቅ አስፋልት ቀጥ ብለው ይንዱና የኋላው ዱካ ከፊቱ ጋር በግራም በቀኝም እኩል ያርፍ እንደሆነ ይመልከቱ። አዲስ ሞላና ቡሽ እየተነዳ ይረጋጋልና፣ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ያስለኩት፤ የመጀመሪያውን ወረቀትም ይዘው ይሂዱ። የኋላው ቁጥር በግልጽ ተለውጦ ከተገኘ፣ ማንም ሰው ማስተካከያ ከመንካቱ በፊት መኪናው ሊፍት ላይ ይውጣና የተፈቱት ብሎኖች አንድ በአንድ ይታዩ።