ስም ጠሪው ዘፈን፦ የካይሮ መሀረጋናትን ስለማድመጥ

መሀረጋናት ስለተባለው የካይሮ የሠርግ ዘፈን የተጻፈውን የሚያገላብጥ ሰው ሁለት ዓይነት ዳኞች ያጋጥሙታል። አንደኞቹ የግብፅ ሙዚቀኞች ሲንዲኬትና እሱን የሚደግፉ አምደኞች ናቸው፤ ለእነርሱ ይህ ዘፈን በርካሽ ኮምፒዩተር የተቀናበረ ጸያፍ ጫጫታ ነው። ሁለተኞቹ ከ2011ዱ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አብዮት በኋላ መቅረጸ ድምፅ ይዘው ወደ ድሃ ሰፈሮች የዘለቁ የውጭ ጋዜጠኞችና የፌስቲቫል አዘጋጆች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ የታህሪር አደባባይን ድምፅ አገኘን ብለው ተደሰቱ። የሁለተኞቹ ስህተት በቀን መቁጠሪያ ብቻ ይታረማል። መሀረጋናት አብዮቱ ከመፈንዳቱ አራትና አምስት ዓመት ቀድሞ በሠርግ ላይ ሲጨፈርበት ነበር። የሁለቱም የጋራ ጉድለት ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። አንዱ ለመክሰስ፣ ሌላው ለማሞገስ፣ ሁለቱም ከግጥሙ ውስጥ «መልእክት» ይፈልጋሉ፤ መልእክት ሲፈልጉም የዘፈኑ ትልቅ ክፍል የሆነውን ሰላምታ፣ ማለትም የሰውና የሰፈር ስም መጥራቱን፣ ዘለው ያልፋሉ። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ሰላምታው የመሀረጋናት ዋና ጥበብ ነው የሚል ነው። አዲስ ዘፈን ከአድማጩ የሚገናኘው እንዴት ነው ለሚለው ጥያቄም ከማንኛውም የሙዚቃ መተግበሪያ የተሻለ መልስ የሚገኘው እዚያው ሰላምታው ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሠርግ ነው። በካይሮ ሕዝባዊ ሰፈሮች ሠርግ የሚደገሰው መንገድ ተዘግቶ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ መድረክ ተሠርቶ ነው። መድረኩን የሚመራው ሰው ነበጥሺ ይባላል። ዘፋኝ አይደለም፤ ግን ያለ እሱ ዘፋኙ አይሞቅም። እንግዳው ኑቅጣ የሚሉትን ብር መዘዝ ሲያደርግ ነበጥሺው ማይክሮፎኑን ጨብጦ የሰጪውን ስም፣ የሰፈሩን፣ የወንድሞቹን፣ የሥራ ጓዶቹን ስም እየደረደረ ያወድሳል፤ ሌላው እንግዳ እንዳይበለጥ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ብሩም እንዲሁ የሚበተን ገንዘብ አይደለም። ዛሬ የተቀበለ ነገ ሰጪው ሲድር ይመልሳል፤ የዕቁብ ጠባይ አለው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ግንባሩ ላይ ብር ሲለጠፍለት የሸላሚውን ስም ከነአባቱ በዜማ የሚያነሳው አዝማሪ፣ «ተቀበል» እያለ ግጥም የሚያቀብለው እንግዳ፣ በጎንደርም በአዲስ አበባም የታወቁ ናቸው። የመሀረጋናት አዲስነት የነበጥሺው ማይክሮፎንና የዲጄው ኮምፒዩተር በአንድ ወጣት እጅ መግባታቸው ነው። የሙዚቃ ጓድ መቅጠር ለድሃ ደጋሽ ውድ ነው፤ ዲጄ ርካሽ ነው። በካይሮ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ በምትገኘውና በጥቅምት 1992 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቤት አልባ የሆኑ ቤተሰቦች በሰፈሩባት ሰላም ከተማ እነ ዲጄ ፊጎ፣ ሳዳትና አላ ፊፍቲ፣ በዓይን ሸምስ አምር ሃሃ፣ የእመቤታችን ዛፍ በምትጎበኝበት በማታሪያ እነ ኦካና ኦርቴጋ ሥራቸውን የጀመሩት በዚህ ክፍተት ነው። «መሀረጋን» በዓረብኛ ፌስቲቫል ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የፊጎ ዘፈን በስሙ የያዘው የሰፈሩን መጠሪያ እንጂ የፍቅረኛ ወይም የስሜት ስም አለመሆኑ ልብ ይባል።

ሰላምታው በዘፈኑ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ዘፈኑ ሲከፈት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ምቱ ለአፍታ ተቆርጦ ድምፅ ብቻውን ሲቀር፣ አዝማቹ ሊመለስ ሲል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ስሞቹ የመዝገብ ስሞች አይደሉም፤ የሰፈር ቅጽል ስሞች ናቸው። ከዘፋኙ ስም በፊት ያቀናበረው ዲጄ ስም ይጠራል፤ ከዚያ ጓደኞች፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ጎረቤት ሰፈር። ኦቶቲዩን የተባለው የድምፅ ማስተካከያ ድምፁን ሲያጥፈውና ሲስበው የስሙ የመጨረሻ ክፍለ ቃል ረዝሞ ከግጥሙ ቤት መድፊያ ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ የማያውቁት ሰው ስም ሳይቀር እንደ ዜማ ይያዛል። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። እነዚህ ዘፈኖች መጀመሪያ የተሠራጩት ያለ ሽፋን፣ ያለ አሳታሚ፣ ያለ ማኅተም ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ፣ ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ፣ ከቱክቱክ (የእኛው ባጃጅ) ድምፅ ማጉያ ወደ መንገደኛው ጆሮ። ፋይሉ በየእጁ ሲቀዳ ስሙ ይለወጣል፤ ማን እንደሠራው የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮት አይጓዝም። ከዘፈኑ ሊነጠል የማይችለው ምስክር ዘፈኑ ራሱ በአፉ የሚናገረው ብቻ ነው። ሰላምታው እንግዲህ የካሴት ሽፋንም፣ የአቀናባሪ ስም ዝርዝርም፣ የፖስታ አድራሻም ነው። ኢምባባ በተባለው ሰፈር ያለ ወጣት ስለ ሰላም ከተማ ልጆች የሰማው ጋዜጣ አንብቦ ወይም ሬዲዮ ከፍቶ አልነበረም፤ ሰላምታው ደርሶት ነው። ራሱም ሲዘፍን ሰላምታውን ይመልሳል፤ በዚህ መላላክ አንድ ሙሉ የዘፈን ዓይነት ያለ አንዳች ተቋም ከተማዋን አዳረሰ።

የቀድሞውም ታሪክ ይህን ንባብ ይደግፋል። ዓይነ ስውሩ ሼህ ኢማም የአሕመድ ፉአድ ነግምን ግጥሞች በዑድ ሲጫወቱ፣ የመንግሥት ሬዲዮ በሩን ስለዘጋባቸው፣ ዘፈኖቹ የተቀዱት በሰው ቤት በተራ ቴፕ ነበር፤ በእነዚያ ካሴቶች ውስጥ የሰው ሳል፣ ሳቅና አብሮ የሚዘምረው ሰው ይሰማል። የአሕመድ አደዊያ ካሴቶችም በ1970ዎቹ ሬዲዮው ሳያነሳቸው በየታክሲው ገነኑ፤ ዛሬ አደዊያን «ብልግና» ብሎ የሚያነሳ የለም፤ የሕዝባዊ ዘፈን አባት ሆኗል። በሁለቱም ዘንድ ተቀናቃኙ ያው የመንግሥት ጆሮ ነው። ልዩነቱ የሼህ ኢማም ካሴት የተቀዳበትን ክፍል ሳያስበው ይዞ መቅረቱ፣ መሀረጋናት ግን ክፍሉን ሆን ብሎ ወደ ዘፈኑ ማስገባቱ ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ተቃውሞ ስለ ማሽኑ ነው፤ ኦቶቲዩን የማይዘፍነውን የሚያዘፍን ማጭበርበሪያ ነው ይባላል። ካይሮ ግን ይህን ለማለት የመጨረሻዋ ከተማ መሆን ነበረባት። በ1944 ሃሊም ኤል-ዳብ የተባለ የ23 ዓመት የካይሮ ልጅ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀዳ፤ ከዚያ በጣቢያው ውስጥ ድምፁን በማስተጋቢያ ክፍል እያሳለፈ፣ እየቀነሰና እየጨመረ፣ ከቃላቱ ይልቅ የድምፁ ጥላ የሚሰማበትን ሥራ ሠራ። ፒየር ሼፈር ፓሪስ ውስጥ ተመሳሳዩን ሠርቶ ዓለም ከማወቁ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። ኤል-ዳብ ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ያስተማረና በ1963 ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተ ሰው መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ብዙ አይመስለኝም፤ ሊያውቀው ይገባል። ዛር ደግሞ ብዙ አጥኚዎች መነሻውን ወደ እኛ አገር የሚያደርጉት ሥርዓት ነው። በካይሮ ዛሬም የመዛሂር ጓድ መካን በተባለው ማዕከል ይጫወተዋል፤ መንፈስ ሁሉ የየራሱ ዜማና ምት አለው፤ በስሙ ካልተጠራ አይመጣም። መሀረጋናት ከዛር ወረደ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ማለትም አልፈልግም። በዚህች ከተማ ግን የሰው ድምፅ በማሽን መታጠፉም፣ ስም በምት መጠራቱም የትናንት ፈጠራ እንዳልሆነ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ነበጥሺው የሚያወድሰው ተከፍሎት ነው፤ የተገዛ ሰላምታ ምን ጥበብ አለው? የሚሉ አሉ። ክፍያ ውዳሴን የሚያረክስ ከሆነ ግን የቤተ መንግሥት አዝማሪዎቻችንም፣ ባለጸጋን ያወደሱ የዓረብ ባለቅኔዎችም አብረው ይረክሳሉ። ጥያቄው ተከፈለ ወይስ አልተከፈለም ሳይሆን የተጠራው ስም በዘፈኑ ውስጥ ምን ሆነ የሚለው ነው። ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን በከፊል እቀበላለሁ። በብዙ መሀረጋናት ሴት ስም የላትም፤ ትታያለች፣ ትታማለች፣ አትጠራም። ስም መጥራት ክብር ከሆነ ስም መንፈግ ምን እንደሆነ ዘፋኞቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለ ሐሺሽና ስለ ጩቤ የሚባለው ወቀሳ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ ሲንዲኬቱ በቀላሉ ላይ ጮኾ በከባዱ ላይ ዝም ማለቱም ስለ ሲንዲኬቱ ብዙ ይናገራል።

«ነፃ ሙዚቀኛ» የሚለውን ስያሜም ማንሳት ይገባል። በካይሮ ይህን ስም የያዙት በመሀል ከተማ ያደጉ ባንዶች ናቸው፤ በ2003 በዛማሌክ ድልድይ ሥር የተከፈተው የሳዊ የባህል ማዕከልና መሰል መድረኮች ያሳደጓቸው እነ ዉስጥ ኤል-በለድና ካይሮኪ። የሰላም ከተማ ልጆች አሳታሚም፣ የሲንዲኬት ካርድም፣ መድረክም ሳይኖራቸው ለዓመታት ሲሠሩ ይህን ስም የሰጣቸው አልነበረም። ነፃነት እዚህ የሚለካው ከተቋም በመራቅ ሳይሆን በመደብ ነበር። እኛም አገር በ1969 የሀገር ፍቅር ቴአትርን የሸክላ ሞኖፖል ጥሰው ያሳተሙት አምሃ እሸቴ መጀመሪያ «ሕገ ወጥ» እንጂ «ነፃ» አልተባሉም። ከመሀል ከተማዎቹ መካከል አንዷን ግን ከዚህ ወቀሳ አወጣለሁ፤ ማርያም ሳሌህን። በ2015 ከዘይድ ሐምዳን ጋር «ሐላዌላ»ን ስታወጣ የሼህ ኢማምን ዘፈኖች እንደ ሐውልት አላጸዳቻቸውም፤ ድምጿን ሻካራ አድርጋ ወደ ሠርግ ድንኳን ጠጋ አደረገቻቸው። ከታመር አቡ ጋዛላና ከሞሪስ ሉቃ ጋር በ2017 የሠራችው «ለኽፋ»ም እንዲሁ በሁለቱ ካይሮዎች መካከል የቆመ ሥራ ነው። ከዚህች ከተማ በዚያ አሥር ዓመት ከወጡ አልበሞች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው፤ ለምን እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ መሥፈርት ሙሉ በሙሉ ማስረዳት አልችልም፤ በእሱ ውስጥ የሚጠራ ሰፈር የለምና።

የዘፈኑ ዓይነት ወደ ትልቅ ገበያ ሲገባ የሆነውን ያየ ሰው ሰላምታው ምን ያህል እንደሚመዝን ይረዳል። ሐሰን ሻኩሽና ዑመር ከማል የዘፈኑት «ቢንት ኤል-ጊራን» (የጎረቤት ልጅ) ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። በየካቲት 2020 በካይሮ ስታዲየም በፍቅረኞች ቀን ኮንሰርት ላይ ስለ መጠጥና ሐሺሽ የሚያነሳው ስንኝ ሲዘፈን፣ በወቅቱ በሃኒ ሻከር ይመራ የነበረው ሲንዲኬት ከቀናት በኋላ መሀረጋናትን ከክለብ፣ ከሆቴል፣ ከአባይ ላይ ጀልባ ሳይቀር አገደ፤ በኅዳር 2021 ደግሞ የ19 ዘፋኞችን ስም ዘርዝሮ ከለከለ። ክርክሩ ሁሉ ያረፈው በዚያ አንድ ስንኝ ላይ ነበር። እኔ ዘፈኑን የምከስሰው በሌላ ነገር ነው። «ቢንት ኤል-ጊራን» ስለ ጎረቤት ይዘፍናል እንጂ ጎረቤት የለውም። ሰፈር የማይጠራ፣ ማንም የትም ሊያዳምጠው የሚችል፣ በለቅሶ የታሸ ተራ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ከመሀረጋናት የወሰደው ምቱንና ኦቶቲዩኑን ብቻ ነው። ሲንዲኬቱ ሊቀጣ የተነሳው በዓይነቱ ደካማውን፣ ለሲንዲኬቱም ጣዕም የቀረበውን ዘፈን ነበር። የሙዚቃ መተግበሪያዎቹም በበኩላቸው ሰላምታውን ያለ እገዳ ያጠፉታል፤ መግቢያው ከረዘመ አድማጭ ይዘላል፣ አድማጭ ከዘለለ ዘፈኑ አይመከርም፣ ስለዚህ ስም ጠሪው መግቢያ ያጥራል። ቀድሞ በሰው ሰላምታ የሚደርሰው ዘፈን አሁን ላኪው በማይታወቅ ጥቆማ ይደርሳል፤ ይህንንም «አዲስ ዘፈን ማግኘት» ብለን እንጠራዋለን።

ስለዚህ የካይሮን ዘፈን ለማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከ2011 በፊት የተቀዱትን የሳዳትንና የፊፍቲን፣ የፊጎንና የሃሃን ሥራዎች ይፈልግ፤ ጥራታቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ድምፁ ይሰነጠቃል። ዓረብኛ ባያውቅም ግድ የለም፤ የሰው ስም ትርጉም አይፈልግም። ስሞቹ ሲጠሩ ብቻ ወደፊት አያሳልፍ።