ድንጋዩ ይቅደም

የወፍጮ ጥገና ሊማር የሚመጣ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ሞተሩን የምነካው መቼ ነው?» መልሴ አይለወጥም፤ ድንጋይ መውቀር ስትችል። የሙያ ጓደኞቼ ይህን ከግትርነት ይቆጥሩታል። እነሱ ዘንድ ልጁ ገና እንደመጣ ፖምፓ መፍታትና ቴስታታ ማውረድ ይማራል፤ ውቀራ ለወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ የተተወ ነው። እኔ ግን ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው ደጋ ያለ አግባብ የሚቃጠለው ናፍታና የሚሰነጠቀው ቴስታታ አብዛኛው የዚህ ንቀት ውጤት ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ከአየሩ ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እንግዲህ ደባርቅ የተተከለ የናፍታ ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ገና ሳይነሳ ከስሯል። ውሃውም እዚያ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መተማ ቆላ ላይ ሞተር ችሎት የሚያዞረውን የደነዘ ድንጋይ እዚህ አይችለውም። ባለ ወፍጮው «አቅም አነሰው» ይላል፤ ድንጋይ የማያውቀው መካኒክ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍታ ይጨምርለታል። ለጊዜው ይነቃቃል። ግን የሚያቃጥለው አየር ስለሌለ ትርፉ ናፍታ ጥቀርሻና ሙቀት ይሆናል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ የቀረውን ቴስታታው ይናገራል።

ድንጋይ የሚያውቅ ልጅ መጀመሪያ መዳፉን ከዱቄቱ መውጫ ሥር ይዘረጋል። ዱቄቱ ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ እጅ የሚያሸሽና የማረር ሽታ ያለው ከሆነ ድንጋዩ መቁረጥ ትቶ ማሸት ጀምሯል። ከዚያ የላይኛውን ድንጋይ አስነስቶ ቦዮቹን በጣቱ ይዳብሳል። ዳር ዳሩን እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቀለበት ካገኘ የጠፋው ጉልበት እዚያ ነው ያለው። ጤፍ ነገሩን ያብሰዋል፤ የፍሬው ወርድ ቢበዛ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ድንጋዮቹ እጅግ መቀራረብ አለባቸው። ለባቄላ ክክ የሚታለፍ ድንዛዜ ለጤፍ አይታለፍም። ባለ ወፍጮውም ዱቄቱ ሲሻክርበት የባሰ ያጠብቀዋል፤ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ኩሽኔታው ይግላል። ያን ጊዜ የሚጠራው መካኒክ ቺንጋም ኩሽኔታም ይቀይራል፤ ድንጋዩን ግን ዞር ብሎ አያየውም።

«ውቀራ ልምድ እንጂ ሙያ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። በእጅ ወፍጮ ዘመን እናቶቻችን ድንጋያቸውን ራሳቸው እየወቀሩ ይፈጩ ነበር፤ መደነዙን የሚነግራቸው ክንዳቸው ነው። ይህ ሙያ ካልሆነ ሌላው ምን እንደሆነ አላውቅም። የሚከብደው መከራከሪያ የመብራት ወፍጮ ነው፤ ናፍታ የለ፣ ጭስ የለ፣ ከፍታውስ ምን አገባው? ያገባዋል። የተለመደው የመብራት ሞተር የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ የሳሳው አየር በደንብ አያቀዘቅዘውም። የደነዘ ድንጋይ ሲጨመርበት ብዙ ኮረንቲ ይስባል። ብሬከሩ ሲወድቅ ትልቅ ብሬከር የሚገጥም ልጅ ሞተሩን ለሽቦ ጠቅላይ አዘጋጀ ማለት ነው።

ሞተር ራሱ አይታመምም አላልኩም። ለመለየት ግን ቺንጋውን አውልቆ ባዶውን ማስነሳት ጥሩ መጀመሪያ ነው። ባዶውንም ጥቁር ካጨሰ ፊልትሮውን ይይ፣ ኖዝሉን ይፍታ፤ ቁልፉን አልከለክለውም።