የተጠገነ የቫልቭ አምፕሊፋየር እንዴት ይመዘናል?

ሰቆጣ ላይ ሆኖ የቫልቭ አምፕሊፋየር ማስጠገን ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዕቃው በአውቶቡስ ሄዶ፣ ተጠግኖ፣ በዚያው አቀበትና ቁልቁለት ተንገጫግጮ ይመለሳል። ቤት ገብቶ እምቢ ቢል እንደገና መውሰዱ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ወር ነው። ስለዚህ ሥራው መልካም መሆኑን መለየት ያለብዎት ሲረከቡ፣ እዚያው ጠጋኙ ፊት ነው። ጥሩ ጠጋኝ የሚታወቀው በቀየረው ዕቃ ብዛት አይደለም፤ የብልሽቱን ምክንያት በማግኘቱ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ዕቃ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ማሳተም የጀመራቸውን ሸክላዎች የምሰማበት፣ ኢኤል84 የተባሉ የኃይል ቫልቮች ያሉት አሮጌ አምፕሊፋየር አለኝ። አንደኛው ቫልቭ በበራ በአምስት ደቂቃ የውስጡ ቆርቆሮ እንደ ፍም ይቀላ ጀመር። አንድ ጠጋኝ ቫልቩን ቀየረልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ አዲሱም ቀላ።

ሁለተኛው ጠጋኝ ገና ካቻቢቴ ሳያነሳ መቼ እንደጀመረው፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚቀላ ጠየቀኝ። ከዚያ ግሪድ የተባለውን የቫልቩን የድምፅ መግቢያ በሜትር ለካ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው 3 ቮልት አሳየ። ቫልቩን ነቅሎ ደግሞ ለካ። ቮልቱ አልጠፋም። «ቫልቭዎ ጤነኛ ነበር፤ የምታፈስሰው ይህቺ ናት» ብሎ ግማሽ ጣት የማታክል ካፓሲተር አሳየኝ። የካፓሲተሯ ሥራ ከፊተኛው ቫልቭ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልት አግዳ ድምፁን ብቻ ማሳለፍ ነው። ስታረጅ ቮልቱንም ታሾልካለች፤ የኃይል ቫልቩም ከልኩ በላይ ከረንት እየሳበ ይቃጠላል። ቫልቩ ሲነቀል ቮልቱ ቢጠፋ ኖሮ ጥፋቱ የቫልቩ የራሱ ይሆን ነበር። ቫልቩን ነቅሎ እንደገና መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አለመደረጉ ግን እኔን ሁለት ቫልቭ አስከፍሎኛል።

ሲረከቡ በመጀመሪያ ስፒናው ተነቅሎ ከታች እንዲከፈትልዎት ይጠይቁ። እጅዎን ግን አያስገቡ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ይችላል። ብየዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ይሁን። ሽቦ ተጠማዝዞ በናስትሮ ከተጠቀለለ፣ ወይም ፊውዙ በቀጭን ሽቦ ከተተካ ሥራው አልተሠራም፤ ተሸፋፍኗል። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎችም ይቀበሉ።

ቀጥሎ ጉምጉምታውን ያዳምጡ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ቀንሰው ጉምጉምታው ባለበት ከቀጠለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ከኃይል አቅርቦቱ ወይም ከኃይል ቫልቮቹ ዘንድ ነው። ድምፁን ሲጨምሩ አብሮ ከጨመረ ግን ከፊተኛው ክፍል ወይም ከመግቢያ ሽቦው ይፈለግ። የደረቁ የማጣሪያ ካፓሲተሮች መቀየራቸው ተገቢ ነው፤ ትልቅ ሁሉ ግን የተሻለ አይደለም። ለምሳሌ ኢዜድ81 የተባለው ሬክቲፋየር ቫልቭ ቀጥሎት የሚገጠመውን ካፓሲተር የሚችለው እስከ 50 ማይክሮፋራድ ነው። «ጉምጉምታው እንዲጠፋ» ተብሎ 200 ከተገጠመለት ዕድሜው ያጥራል። ጠጋኙ ይህን ልክ የሚያውቅ ከሆነ ሥራውን ያውቃል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስሠሩት፤ ትራንስፎርመሩ የሚሸት ከሆነ አይቀበሉ። የቮልት መምረጫውንም ይዩ። የቤትዎ መብራት 220ን የሚያልፍበት ጊዜ ከበዛ፣ 240 የሚል ቦታ ካለው እዚያ ላይ ይሁን።

በመጨረሻ የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ። እኔ ማሲንቆ ያለበትን እመርጣለሁ። ጤነኛ አምፕሊፋየር ላይ የጭራው ፍትጊያና የዘፋኙ ትንፋሽ ተለይተው ይሰማሉ፤ የታመመ ላይ ሁለቱም ሻክረው አንድ ይሆናሉ። ዘፈኑ እየሄደ ቫልቮቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉ። ከተንጫጫ ወይ ቫልቩ ወይ መቀመጫው ይታይ።

ለመንገድ ቫልቮቹን አስነቅለው፣ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ጽፈው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ለምን ተበላሸ?» መልሱ «ቫልቩን ቀይሬዋለሁ» ብቻ ከሆነ ዕቃዎን አይረከቡ። ምክንያቱን በሜትር ለክቶ ካሳየዎት ግን ዋጋውን ሳይከራከሩ ይክፈሉ።